የሐመልማል ግንብ

መርማሪዋ ጫማዋን ሳታወልቅ ገባችና ሳሎናችን መሃል የመገጣጠሚያ ብሎኮቿን ዘረገፈች። በሕጉ መሠረት አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ ሲጫወት ይመረመራል። የሚገነባ ልጅ ትምህርት ቤት ይገባል። ገንብቶ የሚንድ ግን "አፍራሽ" ተብሎ ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ትምህርት ቤት በሩን አይከፍትለትም።

"ውሃ ይኖርዎታል?" አለችኝ።

"የለም" አልኳት። የሞላው ጀሪካን አጠገቧ ተቀምጦ ነበር።

ልጄ ሐመልማል ተንበርክካ ጀመረች። በሁለት ዓመቷ የሠራችውን ሁሉ በክርኗ ደርምሳ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። ያንን ሳቅ ያስተውኳት እኔ ነኝ። ባፈረሰች ቁጥር እጇን በማማሰያ እመታት ነበር። አሁን ቀዩን በቀይ ላይ፣ ሰማያዊውን በሰማያዊ ላይ ትደረድራለች። ግንቡ ከአንገቷ በላይ ሲደርስ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ ቆመች።

"ገንቢ ናት" አለች መርማሪዋ እየጻፈች። "ጎረቤትዎ ልጅቷ አፍራሽ ናት ብላ ጠቁማን ነበር። እድለኛ ነዎት።"

"እሷንም አውቃታለሁ፣ አንቺንም አወቅኩሽ። ጨርሰሻል፤ ውጪልኝ።"

በሩን ከኋላዋ ድርግም አድርጌ ዘጋሁና ወደ ልጄ ዞርኩ።

"ሄደችልን የኔ እናት። በቃ፣ አሁን አፍርሺው። እንደ ድሮሽ።"

ሐመልማል ግንቡን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ወጥ ቤት ገብታ ማማሰያውን አመጣችና አስጨበጠችኝ።

ከዚያ ሁለቱንም እጆቿን ዘርግታ ቆመች።