የብስኩት አፈር

ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ከላብራቶሪው በር ማዶ በሙቀጫ ይወቀጣል። የአፈር መርማሪዋ ቁልፏን እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቆማ ታዳምጣለች። ሠላሳ ዓመት አፈር ስትወቅጥ ኖራለች፤ የደረቀ አፈር እንዲህ አይጮኽም።

ትገባለች። የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛው እጅጌውን ሰብስቦ የቸኮሌት ብስኩት ይወቅጣል፤ ያውም በሟቹ ዶክተር ሙቀጫ። ጣቱን ይልስና መልሶ ዱቄቱ ውስጥ ይከተዋል።

«እትዬ፣ ደረስሽ? እስቲ እዪው፣ አፈር አይመስልም?»

«ምንድን ነው እሱ?»

«አፈር ነዋ፣ ለፊልሙ። የጣቢያው ኃላፊ ናቸው ያዘዙት። ዶክተር እንዲህ ያለ አፈር ቢያገኙ ኖሮ ምሳ አይወጡም ነበር» ብሎ ይስቃል። ጥርሱ መሀል የብስኩት ፍርፋሪ አለ። እሷ ፊቷን ታዞራለች።

ዶክተሩ ጨው የበላውን ሜዳ መጀመሪያ እህል ያሳቀፈ ሰው ነው። ቦይ አስቆፍሮ መሬቱን በውሃ አጠበው፤ ጨዋማው ውሃ በቦዩ ወጥቶ ሄደ። መለኪያ መሣሪያ ሳይመጣ ጨውን የሚለየው በምላሱ ነበር፤ መሣሪያው ከመጣም በኋላ አልተወም። ገበሬዎቹ «እኛ አፈር ልሰን ተነሣን ስንል ለወጉ ነው፤ እሱ ግን የምሩን ልሷል» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። ገና ወር ሳይደፍን ኃላፊው የአንደኛውን ማሳ ቦይ በድንጋይ አስሞልቶ የእንግዶች መኪና ማቆሚያ አደረገው። ከዚያ ወዲህ በእሷ ደብተር ላይ የጨው ቁጥር ወደ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው። ማሳውን የሚያርሱት የአሥራ ሁለት አባወራዎች በቆሎ ጫፍ ጫፉ ተቃጥሏል። ዛሬ ጠዋት ደብተሩንና ከዚያው ማሳ በጠርሙስ የሞላችውን አፈር ይዛ የመጣችው ለኃላፊው ልታሳይ ነው።

ኃላፊው ካሜራ ያዡንና የዶክተሩን ሚስት አስከትሎ ይገባል። ክፍሉ በሽቶ ይሞላል።

«እናታችን፣ እዚህ ይቀመጡ። ሥራው ቀላል ነው። እንደ ዶክተራችን ትንሽ ቀመስ ያደርጉና፣ ‹ባለቤቴ ያዳነው መሬት ዛሬም ጤነኛ ነው› ይላሉ። በቃ። ሰኞ የበላይ አካል ያየዋል፤ ይሄ የቦይ ጭቅጭቅ እዚያው ይዘጋል።»

መርማሪዋ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። «ይሄ የአንደኛው ማሳ ነው። ቦዩ ካልተከፈተ ለከርሞ የሚዘሩት የለም።»

«አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ሙሾ።» ኃላፊው ጠርሙሱን በመሀረቡ ጫፍ ይዞ ወደ ጥግ ይገፋዋል፤ ከዚያ መሀረቡን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ይጥላል። «ከብት የረገጠውን ነው እናታችንን የምናስልሳቸው?»

ይህ ሰው ዶክተሩ ሲቀበር ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ ያለቀሰ ነው። ያን ዕለት መርማሪዋም አብራው አልቅሳለች። አሁን ያን እንባ ራሱን ትጠየፈዋለች።

ሚስትየዋ ጓንቷን ታወልቃለች። «እኔ እኮ አፈር መላሱን ስጠየፍ ነው የኖርኩት» ትላለች፣ ለማንም ሳይሆን። «አፉን ሳይጉመጠመጥ አጠገቤ አይደርስም ነበር። አንድ ቀን በግድ አቀመሰኝ። ሦስት ቀን አኮረፍኩት።»

«ድንቅ ነው፣ ይህንንም እንቀርጸዋለን። ካሜራ!»

መብራቱ ይበራል። ሚስትየዋ ዱቄቱ ከተገለበጠበት ሳህን በጣቷ ቆንጥራ ትቀምሳለች። ታጣጥመዋለች።

«ይሄ ብስኩት ነው።»

«ለምስል ነው እንጂ እናታችን፣ ማን ያውቃል?»

«እሱ ብስኩት አይወድም ነበር።» ዓይኗ ጥግ ወዳለው ጠርሙስ ይሄዳል። «ያኛውን አምጪው ልጄ።»

መርማሪዋ ታቀርብላታለች። ኃላፊው «ኧረ ይተዉ፣ ንጽሕና የለውም» ይላል። የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛው ትተፋው ይሆናል ብሎ ቅርጫቱን ያቀርባል፤ መሀረቡ ከላይ እንደተጨማደደ ነው። ሚስትየዋ ክዳኑን ታዞራለች፣ ትቆነጥራለች፣ ምላሷ ጫፍ ላይ ታደርጋለች። ዓይኗን ትጨፍናለች።

መርማሪዋ ምን እንደሚከተል ታውቃለች። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ የምላስን ዳር ዳር ይቆነጥጣል። ከዚያ አፍ ምራቅ ይሞላል፤ ሰው መትፋት ብቻ ነው የሚያምረው። የሴትዮዋን አገጭ ታያለች፤ አገጩ ይንቀጠቀጣል።

«አሁን ይበሉ» ይላል ኃላፊው በሹክሹክታ። «ጤነኛ ነው ይበሉ።»

ካሜራው ይሠራል። ቅርጫቱ አገጯ ሥር ይጠብቃል። ሚስትየዋ ዓይኗን ገልጣ ቅርጫቱን፣ መሀረቡን፣ በብስኩት የተለቀለቀውን ሙቀጫ ተራ በተራ ታያለች። ቅርጫቱን በእጇ ጀርባ ገፋ ታደርገዋለች።

ትውጠዋለች።

ጉሮሮዋ ሲወርድና ሲወጣ ሁሉም ያያል። ኃላፊው ፊቱን አጨማድዶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። እሷ የጠርሙሱን ክዳን አጥብቃ ትገጥማለች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ታስገባዋለች፣ ከመርማሪዋ እጅ ደብተሩን ትቀበልና ብብቷ ሥር ታደርገዋለች።

«እናታችን፣ ወዴት ነው?»

«ሰኞ የበላይ አካሉም ይቅመሰው» ትልና በመብራቱ መሀል አልፋ ትወጣለች።