ሙጫው ላይ የቀረው እጅ

የመዶሻው እጀታ የጀልባዋን አግዳሚ እየመታ ሲሄድ ቋ ቋ ይል የነበረው ድምፅ መሃል ላይ ሲደርስ ድንገት ታፈነ። ታናሽየው የአሮጌዋን ጀልባ ወለል ገልጦ ተንበርክኮ ነበር። አግዳሚውን የሸፈነውን ፋይበርግላስ በመሮ ገነጠለው። ከሥሩ የጀልባዋን ሆድ ደግፎ የሚይዘው እንጨት እንደ ራሰ ዳቦ ጣቱ ላይ ፈረሰ።

«ወይኔ ወንድሜ!» አለ ከበላዩ የቆመው ታላቅ ወንድሙ፣ ጀልባዋን «እንደ አዲስ ናት፣ በኔ ጣለው» ብሎ የሸጠለት። «እኔንም ጉድ ሠርተውኛል ማለት ነው። ይሄን የለጠፈ እጁን ይቁረጠው!»

ታናሽየው የገነጠለውን ቁራጭ ወደ ብርሃን አዞረው። የፋይበርግላሱ ሙጫ ሳይደርቅ የዳበሰው መዳፍ አሻራውን ጥሎበት ነበር፤ አራቱ ጣቶች ሙሉ ናቸው፣ ሌባ ጣቱ ግን ከግማሹ የለም። ያቺን እጅ ያውቃታል። ትናንት ልጆቹን ጭኖ ወደ ሐይቁ መሃል ሲወጣ፣ እስኪርቁ ድረስ ከዳር የተውለበለበችላቸው ያቺው እጅ ነበረች።

«ጋሼ፣ እስኪ ቀኝ እጅህን አምጣ።»

«ምነው ዛሬ በረደ» አለ ታላቁ፣ አናት በሚበሳው ፀሐይ እጁን ኪሱ እየከተተ።