ለእማማ አለሚቱ የተላኩ ዋሻዎች

ደርዊሽ ጣሊያን ውስጥ ሥራው ጀልባ ላይ ነበር። ቱሪስቶችን አሳፍሮ በባሕሩ ዳርቻ ወዳሉት ዋሻዎች ያስገባል። የዋሻዎቹ አፍ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሲገቡ ሁሉም አንገቱን ይደፋል። ውስጥ ሲደርሱ ውሃው ከሥር መብራት የበራበት ይመስል ሰማያዊ ሆኖ ይቆያቸዋል። ፈረንጆቹ በደስታ ይጮኻሉ። ደርዊሽ ባሕር ይፈራል፤ ግን እንጀራ ነው፣ ምን ያድርግ።

በየወሩ የዋሻዎቹን ፎቶ ያነሳና አቃቂ ላለችው እህቱ ለሐናን በስልክ ይልክላታል።

«ለእማማ አለሚቱ አሳዪያቸው። ፀሐዩ ነው የላከው በያቸው። ዛሬ እዚህ ዋሻ ገብቼ ዋልኩ ብሏል በያቸው።»

ፎቶው ላይ ድንጋይና ውሃ እንጂ ሰው የለም። አለሚቱ አንድ ጊዜ «ልጄ ምነው ራሱን አያነሳ? ምነው አይደውል?» ብላ አስጠየቀችው። ደርዊሽ «ወረቀት ስለሌለው ይፈራል፣ ስልክም አይዝም» ብሎ መለሰ። አመነችው። እናት ናት፣ ማመን ፈልጋለች።

ፀሐዩ የአለሚቱ አንድ ልጅ ነበር። ከደርዊሽ ጋር አቃቂ አንድ ግቢ አድገው፣ ሱዳንንና ሊቢያን አብረው አቋርጠው፣ ጣሊያን ለመድረስ ግማሽ ቀን ሲቀራቸው የተሳፈሩባት ጀልባ ተገለበጠች። ደርዊሽ ተረፈ፤ ፀሐዩ ቀረ። ይህን የሚያውቅ ሰው አቃቂ ውስጥ አንድም አልነበረም።

«ና እንሂድ» ብሎ የጎተተው ደርዊሽ ነበር። ታዲያ እንዴት ብሎ ይንገራት? መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ በጠዋት ተሰብስቦ፣ ደጋፊ በግራና በቀኝ ተቀምጦ ነው የሚነገረው። እስኪመቸኝ ሲል ወሩ ዓመት ሆነ፤ ዓመቱም ሰባት።

አንድ ቀን ዋሻው ውስጥ ቱሪስቶቹ ስማቸውን እየጠሩ የገደል ማሚቶውን ሲሰሙ «አንተም ጥራ» አሉት። ሳያስበው «ፀሐዩ!» አለ። ዋሻው ደጋግሞ ጠራለት። ያን ዕለት ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ አለቀሰ፤ ቱሪስቶቹ የጨው ውሃ ዓይኑ ገብቶ መሰላቸው።

በ2007 ዓ.ም. ወረቀቱ ተስተካከለለትና ትኬት ቆረጠ። መርዶውን ራሱ ሊነግራት ነው። ለእናቱ ለሐጀራ ደግሞ የጆሮ መስሚያ ገዛላት። ካለፈው ዓመት ወዲህ ስልክ ላይ አልሰማ ብሏታል፤ መልእክቷን የምታደርስለት ሐናን ናት። «መርቃሃለች። ወፍራም ልብስ ልበስ ብላሃለች» ትለዋለች።

ኤርፖርት ሐናን አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አልቅሳ አልቅሳ ሊያላቅቃት አቃተው።

«በቃ እንጂ፣ መጣሁ አይደል?» አላት።

የእናቱ ወንድም ሙህሲን መኪናውን ወደ አቃቂ አልነዳም። ቱሉ ዲምቱ ወዳለው ኮንዶሚኒየሙ ወሰደው።

«እናትህ እህቷ ታማባት ወራቤ ሄዳለች። እስከዚያ እኔ ጋ ታርፋለህ» አለው።

ደርዊሽ ትንሽ ቀለል አለው። እናቱ ከመምጣቷ በፊት የአለሚቱን ነገር ይጨርሳል። ሙህሲን በረንዳ ላይ ቆሞ «አዎ፣ ገብቷል። ነገ ጠዋት ነው» ሲል ሰማው። ወራቤ የደወለ መሰለው።

ራት ቀርቦ ትንሽ እንደጎረሱ ደርዊሽ ተነፈሰ።

«ጋሼ፣ ፀሐዩ የለም።»

«የለም ማለት?»

«ባሕር ላይ ቀርቷል። ያኔውኑ። ሰባት ዓመቱ።»

ሙህሲን እጁን ከትሪው ላይ ሰበሰበ።

«ታዲያ እነዚያ ፎቶዎች?»

«የእኔ ናቸው።»

ይቆጣኛል ብሎ ጠበቀ። ሙህሲን ግን ተነስቶ ውሃ ቀዳለት። ቁጣ ቢሆን ይሻለው ነበር።

«ሽማግሌ ይጥሩልኝና ይዘውኝ ይሂዱ» አለ ደርዊሽ። «ብቻዬን አልችልም።»

«ሽማግሌዎቹስ ጠዋት ይመጣሉ» አለ ሙህሲን። «አሁን ተኛ።»

አልተኛም። የሚናገረውን ሲያዘጋጅ አነጋ። በመጀመሪያ እግሯ ላይ ይወድቃል። ከዚያ ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ይናገራል። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም አለ ለራሱ።

ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ገብረጻድቅ ገቡ፤ የአቃቂ ጎረቤቶች ተከተሉ፤ ሳሎኑ ሞላ። እየሳሙት ተቀመጡ። ስለ ጣሊያን የጠየቀው ሰው የለም። ሙህሲን ሁሉን ነግሯቸዋል ማለት ነው አለ ደርዊሽ በልቡ፤ ለእነሱም ከብዷቸዋል። ጃኬቱን አንስቶ ቆመ።

«በሉ እንሂድ። እማማ አለሚቱ ከቤት ሳይወጡ እንድረስባቸው።»

ማንም አልተነሳም።

«ተቀመጥ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ገብረጻድቅ።

ሐናን በቀኙ፣ ሙህሲን በግራው ተቀመጡ። ይሄኔ በሩ ድጋሚ ተከፈተና አለሚቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። ዓይኗ ቀልቷል። ደርዊሽ ቀድመው የነገሯት መሰለው። ሌሊቱን ያዘጋጀው ቃል ሁሉ ጠፋበትና እግሯ ላይ ተደፋ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ!»

አለሚቱ ከመሬት አንስታ ራሱን ደረቷ ላይ ያዘችው።

«ምን አጥፍተህ፣ ልጄ? ይቅር ማለት ያለብህስ አንተ ነህ። ብቻውን በሰው አገር ሆኖ መርዶ አይሰማም፣ በስልክ ዋሺው ብዬ ሐናንን የመከርኳት እኔ ነኝ።»

አገጩን ቀና አድርጋ ዓይኑን አየችው።

«እናትህን ሐጀራን ከቀበርናት ዓመት አልፏል።»