ስልክ የሌለበት ሽርሽር

እናትና ልጅ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ባለ አፓርታማ ተዝናኑ ተብለው ተልከዋል። ለልጅቷ ግን ዘመድ ሁሉ ሥራ ሰጥቷታል፤ አጎቷ መሞቱን እናቷ እንዳትሰማ፣ መርዶ ነጋሪዎቹ እስኪመጡ የእናቷን ስልክ ደብቃ እሷን ማሳቅ።

«ቆይ፣ ወንድሜን ሰላም ልበለው።»

«እማዬ ደግሞ! ሽርሽር ላይ ስልክ ነውር ነው። ይልቅ አሳው ሳይበርድ ብዪ!»

እናቷ ሳቀች፤ በላች፤ ልጇ ጀልባ ላይ ስትጮህም ከበረንዳው እጇን አውለበለበችላት።

ጎህ ሲቀድ መርዶ ነጋሪዎቹ ሽማግሌዎች ደረጃውን ሲወጡ ልጅቷ ሰማች። ተነሥታ የእናቷን በር ከፈተች።

እናቷ ከቤት ይዛው የመጣችውን ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«መጡ እንዴ?» አለቻት። «ከቤት የወጣን ዕለት ወንድሜ አልደወለም፤ ሳይደውልልኝ ነግቶ ያውቃል? አንቺ ትንሽ ተጫወቺ ብዬ ነው።»