ጭሱ የጉልበቱ ነው

የሙሽራዋ አጎት ለሠርጉ ብሎ ለአሮጌ የናፍጣ ፒካፑ ጉልበት የሚጨምር ቱርቦ አስገጠመለት፤ ወደ ሞተሩ የሚገባውንም ናፍጣ አስጨመረበት።

«ጋሼ፣ ናፍጣው በዝቶ ጥቁር ጭስ እያወጣ ነው፤ ትንሽ ልቀንሰው» አለው መካኒኩ።

«እንዳትነካው! ጭሱ የጉልበቱ ነው። ማን እንደሚቀድመኝ አያለሁ!»

በእርግጥም ማንም አልቀደመውም፤ አጀቡን የሚመራው እሱ ነበር። ቪዲዮ ቀራጩን ከኋላ ጭኖ ዳገቱን ተያያዘው። ነጭ ቬሎ የለበሰችው ሙሽራ ጣሪያ በሌላት መኪና ትከተለዋለች። ሚዜዎቹ ክላክሱን ሲያስጮሁት የደስታ መስሎት ይብስ ነዳጅ ሰጠው።

አዳራሹ በር ላይ ዘሎ ወረደና ኮፋኖውን መታ መታ እያደረገ፣ «አሮጌ ነው ስትሉ አልነበር?» አለ።

እልል ሊሉ የቆሙት ሴቶች አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። አንዲት አሮጊት ሙሽራዋን አይተው ደረታቸውን መቱ።

«ውይ ልጄን! ማን ሞቶባት ነው በሠርጓ ቀን ከል የለበሰችው?»