በካልሲ የሚረገጥ ድንጋይ

ጭጋጉ ተገፎ የምሽቷ ፀሐይ አግድም ስታርፍበት፣ ባሕሩ ዳር ባለው ድንጋይ ላይ ታትሞ የቀረው የጥንት ባሕር ፍጥረታት ቅርጽ እንደ ቅጠል አንድ በአንድ ብቅ አለ፤ ውሃው ገና የሚያወዛውዛቸው ይመስል ነበር። ሴትዮዋ ከዳር ቆማ ቀረች። ባሏ ዕድሜውን ሙሉ ያጠናው ይህንኑ ድንጋይ ነበር፤ እሱ ሞቶ፣ እሷ ልትረግጠው አልደፈረችም። ማን እንደሆነችም ለአስጎብኚዋ ለማርሴላ አልነገረቻትም።

«እነዚህ እንደተተከሉ ቀሩ» አለች ማርሴላ ድንጋዩ ላይ ተንበርክካ። «ይቺ ግን ተጎትታ ሄዳለች፤ ዱካዋ ይኸው። እንስሳ የምንላት ስለተንቀሳቀሰች ነው። ነይ እንጂ፣ የኔ ፍቅር! ጫማሽን ግን አውልቂ፤ ቅርጹ እንዳይፋቅ እዚህ በካልሲ ነው።»

ሴትዮዋ ቦቲዋን አወለቀች። እግሯ ላይ የወንድ ካልሲ ተንዘላዘለ። «ውይ፣ ሌላ ሰውም ይይዛል እኮ!» ብላ ማርሴላ ሳቀች። ወዲያው ተረከዙ ላይ ያለውን ቀይ ጥገና አየችና ሳቋ ቆመ።

«ይሄ የኔ ስፌት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ድንጋዩ ካልሲውን እየበላበት፣ በየበጋው እሰፋለት ነበር።»

«ማን እንደሰፋው ሁሌ ይገርመኝ ነበር» አለች ሴትዮዋ።

ማርሴላ እጇን ዘረጋችላት። ሴትዮዋ ግን ሳትይዘው፣ ብቻዋን ድንጋዩ ላይ ወጣች። ከፀሐይዋ የተረፈ ሙቀት ነበረው።