የአምፕሊፋየሩ ዕድሜ

ሬዲዮ ጠጋኙ የአሮጌውን የጊታር አምፕሊፋየር ክዳን ፈትቶ ሆዱን በባትሪ ሲያበራ፣ ሚስቱ ትከሻው ላይ ተደግፋ ታይ ነበር። የቀድሞ እጮኛዋ የተወው ዕቃ ነው፤ ከእናቷ ቤት ትናንት አምጥታ «አድስልኝ» ያለችው።

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ራሱ ይናገራል። እንደ አንቺ ዕድሜ አይደብቅም» አላትና ትራንስፎርመሩ ላይ የተመታውን ዓመት አሳያት። ዕድሜው ከሁለቱም ይበልጥ ነበር።

ሳቀች። «እኔና እሱ ከተለያየን ወዲህ ሰው አልነካውም። አንተን እንኳ ሳላውቅህ ማለት ነው።»

አቧራውን በብሩሽ ጠረገ። ጥግ ላይ ካፓሲተር የሚሉት አንድ ትንሽ ክፍል ከሌሎቹ ተለይቶ አብለጨለጨ። ብየዳው ጠብታ ያልተረፈው፣ ጥርት ያለ ነበር። የቀድሞ እጮኛዋ ጊታር መምታቱ ሳያንስ እጁም እንዲህ የተባረከ መሆኑ አንገበገበው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ካፓሲተሩ ላይ የተጻፈውን፣ የተሠራበትን ዓመት አነበበ። እነሱ ከተጋቡ በኋላ ያለው ዓመት ነበር፤ እሱ ራሱ ለሥራ ሩቅ ከተማ የከረመበት።

ሊበይድበት ያነሳውን የጋለ የብየዳ ካውያ ቀስ ብሎ ማስቀመጫው ላይ መለሰው።

«እንደ ድሮው ይጮሃል?»

ባትሪውን አጠፋ።

«እንደ የትኛው ድሮ?» አላት።